በአጥቢያ የተደረደረው መዝገብ ቤት

ሥርዓት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ለዓይን፣ አንዱ ለእጅ። እናንተም ቤት አለ። ለእንግዳ ተብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ የተደረደረው ብርጭቆና ዕለት ዕለት ከእጅ የማይጠፋው፣ ጆሮው የተሰበረው ኩባያ አንድ አይደሉም። የቤቱ እመቤት ኩባያውን ዓይኗን ጨፍና ታነሣዋለች፤ የብርጭቆውን ቁጥር ግን ብትጠይቋት አታውቀውም። ይህን የምለው ፍልስፍና አምሮኝ እንዳይመስላችሁ። የምናዘዘው ነገር ስላለኝ ነው። ዓይነ አፋር ሰው ደግሞ ወደ ኑዛዜው ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ዞሮ ዞሮ ነው የሚደርሰው።

ጎንደር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት፣ የቤትና የቦታ ማኅደር በሚቀመጥበት መዝገብ ቤት እሠራ ነበር። የማኔጅመንት ዲፕሎማዬን ይዤ ስገባ ክፍሉን እንደ መዳፋቸው የሚያውቁት አያ ፈንታ ነበሩ፤ በልጅነታቸው ቆሎ ተማሪ የነበሩ፣ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው ሰው። ማኅደሮቹን የደረደሩት በአጥቢያ ነው። የልደታው ከልደታ፣ የፊት ሚካኤሉ ከፊት ሚካኤል፤ የአዲስ ዓለም ሙስሊም ነጋዴዎች ደግሞ በየመስጊዳቸው። በተማርኩት ትምህርት ከሄድን ይህ ኃጢአት ነው። ነገር ግን ባለጉዳይ መጥቶ «ቤቱ በአያቴ ስም ነው፤ ቁጥሩን አላውቀውም» ሲል፣ አያ ፈንታ «አያትህ የት ነበር የሚያስቀድሱ?» ይሉታል። መልሱን ሳይጨርስ ማኅደሩ ጠረጴዛው ላይ ነው።

ከዚያ ካይዘን የሚሉት የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ከነአሠልጣኙ መጣ።

አምስቱን «ማ»ዎች እንደ ውዳሴ ማርያም ሸመደድናቸው። የመጀመሪያው «ማጣራት» ይላል፣ የመጨረሻው «ማዝለቅ»፤ መካከሉን ረስቼዋለሁ። አልዋሽም፣ አሠልጣኙ ትጉህ ልጅ ነበር፤ ሸጋ ሥራም ሠርቷል። ከመደርደሪያው ሥር ሁለት የተሰበሩ የጽሕፈት መኪናዎች፣ ጎማ የሌለው ብስክሌትና ባለቤቱ ያልታወቀ አንድ እግር ጫማ አስወጣን። ክፍሉ ተነፈሰ። እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ እኔም ዛሬ የምናዘዘው ባልኖረኝ። እሱ ግን ማኅደሮቹንም ከየአጥቢያቸው አፈናቅሎ ቁጥርና ባለቀለም ወረቀት ለጠፈባቸው፤ በቁጥራቸውም ደረደራቸው። «ማንኛውም ማኅደር በሠላሳ ሰከንድ ይገኛል» አለን። አጨበጨብን።

ቁጥሩን የሚነግረን መዝገብ የተጻፈው በቀድሞ ባለቤቶች ስም ነው፤ የሚመጡት ደግሞ የልጅ ልጆች ናቸው። አሥራ ሁለት አየለ፣ ዘጠኝ መሐመድ አለ። ሠላሳ ሰከንዱ ሠላሳ ደቂቃ ሆነ፤ ሠላሳ ደቂቃውም «ነገ ተመለሱ» ሆነ። ኃላፊያችን ስብሰባ ጠሩና አያ ፈንታን እያዩ፣ «በወሩ መጨረሻ ግምገማ አለ። ይህ ክፍል ከወደቀ፣ ለውጡን መሸከም ያቃተው ሰው ወደ ሳንጃ ይዛወራል» አሉ።

የአያ ፈንታ ባለቤት አልጋ ላይ ከዋሉ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። እሳቸው በየቀኑ በምሳ ሰዓት ወደ ቤት ሮጠው ያጎርሷቸዋል፣ ያገላብጧቸዋል። ከሳንጃ ደግሞ ለምሳ ጎንደር አይደረስም። ከስብሰባው ስንወጣ «ምነው ልጄ፣» አሉኝ ፈገግ ለማለት እየሞከሩ፣ «የሚያጣሩት እኔን ነው እንዴ?»

በስብሰባ እጄን አውጥቼ የማላውቅ ሴት፣ ያን ቀን «ቅዳሜ ይምጡ፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነው» አልኳቸው።

ሁለት ቅዳሜ ሠራን። ማኅደሮቹን ሁሉ ወደየአጥቢያቸው መለስን። ከዚያ ወረቀቶቹን ልጠን ቁጥሩን ከአንድ ጀምረን እንደ አዲስ ለጠፍን፤ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ቀለሙም ያምራል። ቁጥሩ ከመዝገቡ ጋር እንደማይገጥም የምናውቀው እኛ ሁለታችንና እግዜር ብቻ ነን። አንድ ነገር ቀረ፤ በገምጋሚ ፊት ባለጉዳይን አጥቢያ እንዴት ይጠይቁታል? እሱን አያ ፈንታ ፈቱት። «ሰላምታ ምን ይሠራል? የጎንደር ሰው ሰላምታ እንደሆነ ጓዳ ድረስ ነው የሚገባው።»

የግምገማው ዕለት ገምጋሚው ሰዓቱን ይዞ ቆመና ከወረፋው አንዱን ጠራ። ሐጅ ሰዒድ የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ።

«ቁጥርዎ ስንት ነው?» አላቸው።

«የምን ቁጥር? እስረኛ ነኝ እንዴ?» አሉ ሐጅ። ወረፋው ሁሉ ሳቀ። አያ ፈንታ ብቻ አልሳቁም፤ መደርደሪያውን ተደግፈው እኔን ያያሉ። ሰላምታው የእኔ ድርሻ ነው።

«ሐጅ፣ እንዴት ከረሙ?» አልኩ፤ ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። «አዲስ ዓለም ሰዉ ደህና ነው? ጎረቤት ሁሉ ደህና?»

«አልሐምዱሊላህ! እኔማ አዘዞ ከገባሁ ሦስት ዓመቴ። ቤቱ ግን በአባቴ ስም እዚያው ነው፣ ከትልቁ መስጊድ ጥግ።»

የአያ ፈንታ እጅ ወደ ኋላ ሄዶ ተመለሰ። ማኅደሩ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ሃያ ሰከንድ አልሞላም። ገምጋሚው ጻፈ፤ አጮልቄ አነበብኩት፤ «ደንበኛን በትሕትና ታስተናግዳለች» ይላል።

አያ ፈንታ ምሳቸውን ከባለቤታቸው ጋር እየበሉ ሁለት ዓመታቸውን ጨረሱ። ሲሸኙም ኃላፊያችን «ለውጥን ፈጥኖ በመቀበል አርአያ የነበሩ» ብለው አመሰገኗቸው፤ እሳቸውም ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። እኔ «ሞዴል ሠራተኛ» የሚል የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። ከየወረዳው ልምድ ሊቀስሙ ሲመጡ፣ ቁጥሩን እያሳየሁ ፊቴ ፍም እስኪመስል አስረዳለሁ። እነሱ ጨዋነት ይመስላቸዋል።

ዓመታት አለፉና ለአክስቴ ጉዳይ ትክል ድንጋይ ወደምትባለው የወረዳ ከተማ ሄድኩ። መዝገብ ቤቱ በር ላይ ስደርስ መደርደሪያውን አየሁ። ያ ቀለም፣ ያ ቀጥ ያለ ቁጥር! ውሸቴን እንዳለ ቀድተውታል። ስንቱን ገበሬ «ነገ ተመለስ» አስብዬው ይሆን? የመጣው ይምጣ፣ ዛሬ እናገራለሁ አልኩ።

«እኅቴ፣» አልኳት መዝገብ ያዧን፣ የአክስቴን ስም ከነገርኳት በኋላ፣ «ስለዚህ ቁጥር አንድ ነገር ልንገርሽ...»

«ቁጥር አልያዙም? ግዴለም» አለችኝ። «አክስትዎ እንዴት ናቸው? ክረምቱ እንዴት አደረጋቸው? ገበያ የሚወጡት እዚህ ነው፣ ወይስ ወንዙን ተሻግረው?»

«ወንዙን ተሻግረው» አልኩ ሳላስበው። እጇ ወደ ኋላዋ ሄዶ ተመለሰ።

ማኅደሩን አየሁ፤ እሷን አየሁ። «ቁጥሩስ?» አልኳት።

ወደ በሩ ገልመጥ አለችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ቁጥሩማ ለጎብኚ ነው። ከጎንደር ነው የቀዳነው፤ እዚያ አንዲት ጎበዝ ሞዴል ሠራተኛ አለች አሉ» አለችኝ።

ኑዛዜዬን ዋጥኩት። እነሆ ለእናንተ ተረፈ።