እኔ ዝም ካልኩ ማን ይነግርሻል?

ውሃ የሚጠፋበት ሰፈር አለ፤ መብራት የሚጠፋበት ሰፈር አለ፤ ሐኪም በመከራ የሚገኝበት ሰፈርም ሞልቷል። ወፍራም ሴትን የሚመክር ሰው የጠፋበት ሰፈር ግን እስካሁን አልተገኘም። ይህ ሰው ተጠርቶ አይመጣም። ቀጠሮ የለው፣ ወረፋ የለው! ደረጃ ላይ ያገኛታል፣ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ያገኛታል፣ ለቅሶ ቤት እንኳ እንባዋን እስክትጠርግ ታግሦ ጠጋ ይልና «ለመሆኑ ስፖርት ጀመርሽ?» ይላታል። ይህን ድፍረት ማን እንደሰጠው ፈጣሪ ይወቅ።

ለአንዲት ወፍራም ልብስ ሰፊ የደረሷት መካሪ ደግሞ ከመካሪዎች ሁሉ የበላይ የሆኑት ክብርት እትዬ ሚዛን ናቸው።

እትዬ ሚዛን ስማቸው አይደለም። ፖስታ ቤት መስኮት ኋላ ተቀምጠው የሰው ጥቅል ሲመዝኑ ኖረው ጡረታ ሲወጡ ሰፈሩ የሰጣቸው ማዕረግ ነው። ሚዛኑን ለመሥሪያ ቤቱ አስረክበዋል፤ ዓይናቸውን ግን ማን ይረከባቸው! የሚያልፍ የሚያገድመውን ሁሉ ከላይ እስከ ታች አንዴ ገርመም ያደርጉና ኪሎውን ይናገራሉ። የሚኖሩት ሁለተኛ ፎቅ፣ ደረጃው ከሚዞርበት ጥግ ላይ ነው፤ በራቸው ክረምት ከበጋ ገርበብ እንዳለ ነው። የልብስ ሰፊዋ ሱቅ ምድር ቤት፣ መኖሪያዋ አራተኛ ፎቅ ሆነና አረፈው። ለሊፍት የተተወው ጉድጓድ ብስክሌትና የተሰበረ ወንበር ይቀመጥበታል። ስለዚህ ክብርት እትዬ ሚዛን ሳያዩአት ቤቷ መግባት ብትፈልግ መስኮት መስበር ሊኖርባት ነው።

«ዳቦውን አሁንም አልተውሽም አይደል?» ይሏታል ገና አናቷ ብቅ ሲል።

«ደህና ዋሉ እትዬ?»

«እኔስ ደህና ነኝ። ሙቅ ውሃ በሎሚ ብዬሽ ነበር፣ ጀመርሽ?»

«ጀምሬያለሁ።»

«አልጀመርሽም። ብትጀምሪ ጉንጭሽ ይናገር ነበር። እኔ ዝም ካልኩ ማን ይነግርሻል?»

ማን ይነግርሻል ይሏታል! የማይነግራት ማን አለና? ፎቁ ሥር ያለው ፀጉር አስተካካይ የራሱን ቦርጭ መደገፊያ አጥቶ ይነግራታል። ባለሱቁ ስኳሩን ከሸጠላት በኋላ «ይሄ እንኳ ላንቺ አይሆንም» ብሎ ይነግራታል። የባሏ እናት በስልክ ይነግሯታል። የእትዬ ሚዛን ልዩነት አለመታከታቸው ነው። ሰኞ «ቁርስ የሚባል ነገር እርሺ» ይላሉ፤ ሐሙስ ሬድዮ ሰምተው ይመጡና «ቁርስ የሚዘል ሰው ነው እንዲህ የሚያብጠው!» ብለው በሰኞው ምክር እሷኑ ይወቅሷታል። ኮምጣጤ አዘዋል። በግራ ጎን መተኛት አዘዋል። አንዴማ ወደ ኋላ መራመድ አዘውላት፣ ገና ሳትጀምር የጥበቃውን ባልዲ ደፍታ ተገላገለች።

ልብስ ሰፊዋን የሚያንገበግባት ምክሩ ብቻ አይደለም። የሷን ሥራ አስቡት። ቀኑን ሙሉ ሜትር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የምትውል ሴት ናት። የሰፈሩን ወገብ፣ ደረትና ዳሌ አንድ በአንድ ታውቃለች። ሙሽራ ሆዷን ውጣ ስትለካ አይታ እንዳላየች ሆናለች፤ የሰርጉ ቀን መተንፈስ አይቀርምና ዝም ብላ ጨርቁን ለቀቅ አድርጋ ቆርጣለች። «ወፍረሻል» የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። በሜትር ለክታ ያወቀች ሴት ዝም ስትል፣ በዓይኑ የገመተ ሁሉ ይጮህባታል። ይሄ ደም አያፈላም?

ከምታውቃቸው ወገቦች አንዱ ደግሞ የእትዬ ሚዛን ነው። በየዓመቱ ሱቁ ሊዘጋ ሲል ያቺኑ ሰማያዊ ቀሚስ በጋዜጣ ጠቅልለው ይመጣሉ። በሩን ይዘጋሉ፣ መጋረጃውን ይስባሉ።

«ይሄ ጨርቅ ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል» ይላሉ ወደ ግድግዳው እያዩ።

«አዎ እትዬ፣ ይሰበሰባል» ትላለች ልብስ ሰፊዋ። ስፌቱን ፈትታ ታሰፋላቸዋለች። ሌላ ቃል አትጨምርም። እሳቸውም ቀሚሱን ተቀብለው ሲወጡ «ራት ግን ባትበዪ ጥሩ ነው» ይሏታል። እዚያው! ሜትሩን የወገባቸው ሙቀት ሳይለቀው!

ሐኪሟ ጨጓራን የማሳነስ ቀዶ ሕክምና የሚባለውን ነገር ስታነሳላት፣ ልብስ ሰፊዋ የሕንፃው ሰው መስማቱ ምን እንደሚያመጣ አልገመተችም። እትዬ ሚዛን በሰሙ ማግስት ምስክር ይዘው ሱቅ ከተፍ አሉ። ቀጠን ያለች፣ ፊቷ የተከፋ ሴትዮ ናት። ወንበር ላይ አስቀመጧት።

«ንገሪያት!» አሉ።

«ኧረ እህቴ፣ ተዪኝ» አለች ሴትዮዋ። «ከተቀደድኩ ወዲህ ሰው አይደለሁም። ብርድ ብርድ ይለኛል። እንቅልፍ የለኝ፣ ምን የለኝ።»

«አየሽ?» አሉ እትዬ ሚዛን። «አፍን መዝጋት ሲቻል ሆድን ማስቀደድ! እኔ ዝም ካልኩ ማን ይነግርሻል?»

ልብስ ሰፊዋ ፈራች። «ጨጓራሽን ነው የተሠራሽው?» ብላ ጠየቀች።

«ኧረ አይደለም፣ ትርፍ አንጀት ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ቦታ ይደነግጣል። እትዬ ሚዛን ምን በወጣቸው! «ሆድ ሆድ ነው» አሉና ምስክራቸውን ይዘው ወጡ።

ይሳቃል እንጂ፣ ልብስ ሰፊዋ ያን ሌሊት ዓይኗን ሳትከድን አድራ ጠዋት የቀዶ ሕክምናዋን ቀጠሮ ሰረዘች። ሁለተኛ ቀጠሮ ስታስይዝ የባሏ እናት ስልክ ላይ አለቀሱ፣ ፀጉር አስተካካዩ «አቋራጭ ፈለግሽ፣ ሰነፍ ሆንሽ» አላት፣ እትዬ ሚዛንም ስለ ኮምጣጤው አዲስ ነገር ሰምተው መጡ። ሁለተኛውም ቀረ። ሰነፍ! ከንጋት እስከ ምሽት ፔዳል ስትረግጥ የምትውለውን ሴት፣ ጉልበቷ እያበጠ አራት ፎቅ የምትወጣውን ሴት፣ ስትተኛ ትንፋሿ ቀጥ እያለ ባሏ በክርኑ እየጎሰመ የሚቀሰቅሳትን ሴት ሰነፍ!

ለሦስተኛ ጊዜ ሐኪሟ ፊት ስትቀርብ ሐኪሟ አልሳቀችም። «ስኳርሽ ዓይንሽን መንካት ጀምሯል» አለቻት። «ከዚህ በላይ ብትቆዪ የሚጠፋውን አልመልስልሽም።»

ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን አሰበች። ሰሞኑን ክር ለማስገባት ወደ መስኮቱ መጠጋት ጀምራ ነበር። እጇ እንጂ ዓይኗ አይደለም የሚሰፋው ብላ ራሷን ስታታልል ከርማ ነበር።

ያን ቀን ወሰነች። ከባሏ በቀር ማንም አይሰማም። ራሷን ታውቃለች፤ አንድ ሰው እንኳ «እባክሽ ተዪ» ካላት ልቧ ይከዳታል። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲጮህበት ስለሚውል ምስጢር መጠበቅ አይከብደውም። ለጎረቤት «እህቴ ዘንድ ልሰነብት ነው» ትላለች፣ አለቀ። ከእትዬ ሚዛን ካመለጠች ከሁሉም አመለጠች።

የሰው ልብስ ይዛ መተኛት ስለማይሆንላት ቀን ከሌት ሰፋች። በመጨረሻው ቀን ሱቁ በደንበኛ ተሞልቷል፦ የሙሽራ እናት፣ ሁለት ሚዜዎች፣ የልጇን ሱሪ የምታሳጥር ጎረቤት። እትዬ ሚዛን «ልብስዎ ደርሷል» ተብለው ተጠርተው ገቡ። ሰው ኮት እንዲመስለው በጋዜጣ የተጠቀለለው ያው ሰማያዊ ቀሚስ ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል።

«አለቀ?» አሉ።

«አልቋል እትዬ።»

«ቀጠሮው ለሚመጣው ሳምንት አልነበር እንዴ?»

«ፈጠን ፈጠን አልኩ። እህቴ ዘንድ ልሰነብት ነው።»

እትዬ ሚዛን ሱቁን ገርመም አደረጉ። ዓይናቸው ባዶውን የልብስ መስቀያ፣ ሽቦው የተጠቀለለለትን ካውያ፣ ለስፌት መኪናው መሸፈኛ የተዘጋጀውን ጨርቅ አየ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሩና ድምፃቸውን ከወትሮው እጥፍ ከፍ አደረጉት።

«ሰማችሁ ጉዷን? እህቷ ጋ ልትሄድ ነው! እህቷ እንደሆነች እጇ ጣፋጭ ነው። እዚያ በልታ በልታ በርሜል ሆና ነው የምትመለሰው! ያን ጊዜ በዚህ በር እንዴት እንደምትገባ አያለሁ። ይኸው በሰው ፊት ተናግሬያለሁ። እኔ ዝም ካልኩ ማን ይነግርሻል?»

ሚዜዎቹ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። የልብስ ሰፊዋ ጆሮ ጋለ። በከንፈሯ የያዘችውን እስፒል አንድ በአንድ አወጣች። በነጋታው ሐኪም ቤት ልትተኛ የተዘጋጀች ሴት፣ ስንት ፍርሃት ውጣ የቆመች ሴት፣ እንዲህ ትዋረድ? በቃ። ቁጥሩን ታውቀዋለች። የዘንድሮውንም፣ የአምናውንም፣ የካቻምናውንም።

«እትዬ» አለች። «የእርስዎ ወገብ…»

ሚዜዎቹ ሳቃቸውን አቋረጡ። የእትዬ ሚዛን ፊት አመድ መሰለ። ጋዜጣውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙ፤ ድንገት ትንሽ ሴት ሆኑ።

ልብስ ሰፊዋ እስፒሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «የእርስዎ ኮት ወገብ ላይ ያለችው ቁልፍ ላልታ ነበር፤ አጥብቄያታለሁ።»

እትዬ ሚዛን ጋዜጣቸውን እንዳቀፉ ወጡ። ደህና ዋይ እንኳ አላሉም።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። ከሐኪም ቤት የተመለሰችው ሰው ሁሉ ሥራ ላይ በሚሆንበት ሰዓት ነው። የአንዱን ፎቅ ደረጃ በጨረሰች ቁጥር እያረፈች፣ ባሏ ሻንጣውን ይዞ ከኋላ እየተከተለ ወጣች። ሁለተኛ ፎቅ ስትደርስ ነጠላዋን ሆዷ ላይ ሰበሰበች። በሩ ግን ተዘግቷል። ያ በር! ሰው ሞቶበት እንኳ ተዘግቶ የማያውቅ በር! ልብስ ሰፊዋ ዕድሏን አመስግና አለፈች።

ቀናት አለፉ፤ ማንም አላንኳኳም። ምስክር አልመጣ፣ ኮምጣጤ አልመጣ፣ አማቷም አልደወሉ። በማንኪያ እየለካች ስትጠጣ፣ ቤት ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ስትንሸራሸር ጸጥታው እያስደሰታት መጣ፤ ከዚያ ግን ያሳስባት ጀመር። ባሏን «ሰዉ ምን ነካው?» ብትለው «እኔ እንጃ፣ ማንም አልጠየቀኝም» አላት።

በሦስተኛው ሳምንት በሩ በቀስታ ተንኳኳ። እትዬ ሚዛን ናቸው። ሰማያዊዋን ቀሚስ ለብሰዋል፣ ብብታቸው ሥር ፔርሙዝ ይዘዋል። ገብተው በሩን ዘጉ፣ መጋረጃውን ሳቡ።

«ሾርባ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አጥልዬዋለሁ። ቅባት የለውም።»

ልብስ ሰፊዋ አፏን ከፍታ ቀረች። «ማን ነገርዎት?»

«ማን ይነግረኛል? ልብስ ሰፊ ከቀጠሮው ቀድሞ ልብስ ጨርሶ ያውቃል? ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። ወይ ልትሞት ነው፣ ወይ ልትቀደድ ነው አልኩ።»

«እያወቁ ነው ታዲያ ያን ሁሉ ሰው ፊት ያዋረዱኝ?»

«ዝም ብልስ? እኔ ዝም ብል ሰው አይጠረጥርም? በርሜል ሆና ትመጣለች ካልኩ በኋላ ሐኪም ቤት ናት ብሎ የሚያስብ ማን አለ? ፀጉር አስተካካዩ ሁለት ጊዜ ደረጃ ሲጀምር መልሼዋለሁ። አማትሽንም እኔው ራሴ ደውዬ ስልኳ ተበላሽቷል ብያቸዋለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ መቆጣት ፈለገች፤ ቁጣውም አለ፣ አልጠፋም። «ግን እኮ መጀመሪያ ያስቀሩኝ እርስዎ ነዎት» አለች። «ያቺን ትርፍ አንጀት ይዘው መጥተው!»

እትዬ ሚዛን የፔርሙዙን ክዳን ከፍተው መልሰው ከደኑት።

«ከዚያ ወዲህ አንድ ጠዋት ደረጃው ላይ ቁጭ ብለሽ አየሁሽ። ቁልፍሽ ወድቆብሽ በእጅሽ እየዳበስሽ ትፈልጊያለሽ። ቁልፉ እኮ እግርሽ ሥር ነው። አጠገብሽ! ልወጣ ነበር። በሩን ይዤ ቆሜ የምልሽን አጣሁ።» ቀና ብለው አዩአት። «እኔ! እኔ የምለው አጣሁ።»

እትዬ ሚዛን ሾርባውን በጽዋ ቀዱ።

«ደግሞስ» አሉ እትዬ ሚዛን የቀሚሳቸውን ወገብ በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው፣ «አንቺ ወገቤን ስንት ዓመት ደብቀሽልኛል። እኔ ያንቺን ሆድ አንድ ወር መደበቅ ያቅተኛል?»

ልብስ ሰፊዋ ሳቀች። ስፌቷ ስለቆጠቆጣት ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ሳቀች፤ እንባዋም አብሮ መጣ። ጽዋውን ተቀብላ አፏ ላይ አደረገችው።

«ቀስ በዪ እንጂ!» አሉ እትዬ ሚዛን። «እንዲህ ነው እንዴ የሚጠጣው? ትራስሽስ ለምን ዝቅ አለ? ማነው ይሄን ያስተማረሽ፣ ሐኪሞቹ ናቸው? ሎሚውን ብትሰሚኝ ኖሮ እኮ…»

«እትዬ!»

«እሺ፣ እሺ። ለራስሽ ብዬ ነው።» ተነሥተው ወጡ። በሩ ገና ሳይገጥም ድምፃቸው ደረጃውን ሞላው። «አንተ ፀጉር አስተካካይ! ደግሞ ወዴት ነው? ሴትዮዋ እህቷ ጋ ናት አላልኩህም? ይልቅ ያንን ቦርጭህን ይዘህ ውረድ! ቁርስ በላህ ዛሬ?»

ልብስ ሰፊዋ ትራሷን ከፍ አደረገች፤ ሾርባዋንም እንደታዘዘችው ቀስ እያለች ፉት ማለት ጀመረች።