ከበሮው ሰርግ አይሄድም

[ጊዜው ጥር ፲፱፻፷፰ ዓ.ም. ነው። ቦታው ከመካነ ሰላም ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ የአንድ ደብር ግቢ። የዜማ መምህሩ የኔታ ክንፈ ቀይ ጨርቅ የለበሰ ከበሮ ታቅፈው ፀሐይ ያሞቁታል። ገበሬው በላይ ፊታቸው ቆሞ ባርኔጣውን ያሻሻል። ነገ ሴት ልጁን ብዙዬን ይድራል። ክርክሩ ከጠዋት የጀመረ ነው።]

የኔታ፦ ጩኸት ነው አልኩህ! የሰርግ ዘፈን ዜማ አይባልም፣ ጩኸት ነው!

በላይ፦ ይሁን የኔታ፣ ጩኸት ነው። ለነገ ብቻ መጮኺያዋን ያውሱኝ።

የኔታ፦ እኔ ለቡራኬ እመጣለሁ። ጠላም ካለ እቀምሳለሁ። ከበሮው ግን ንቅንቅ አይልም። የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ሰርግ አይሄድም! ይኸ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ትልቁ አፉ መለኮት፣ ትንሹ አፉ ትስብእት፣ ጠፍሩ ደግሞ ጌታ ሲገረፍ የወጣበት ሰንበር ነው።

በላይ፦ [ጎንበስ ብሎ እያየ] እኔ እንኳ... ጠፍር ብቻ ይመስለኝ ነበር።

የኔታ፦ ላንተ ሁሉም ጠፍር ነው።

በላይ፦ ወላሂ የኔታ...

የኔታ፦ በደብሩ ግቢ ወላሂ ትላለህ?

በላይ፦ አስተግፊሩላህ!

የኔታ፦ ጭራሽ!

በላይ፦ ከጎረቤቴ ከጀብሪል ጋር ወንፈል ስውል ተጣብቆብኝ ነው፤ ይፍቱኝ። ነገሩ የብዙዬ ነገር ሆኖብኝ ነው። ሙሽራው ከወግዲ አሥራ ሁለት ሰው አስከትሎ ይመጣል። በዚህ አገር ሦስት ዓመት ሙሉ ለቀብር እንጂ ለሰርግ አልተወጣም። ያለ ከበሮ ብሸኛት «ዳራት» አይሉኝም፤ «ቀበራት» ነው የሚሉኝ። ድንቅነሽ ደግሞ «ባዶ እጅህን እንዳትመለስ» ብላኛለች።

የኔታ፦ ሚስትህን ትፈራለህ?

በላይ፦ እርስዎ ስለማያውቋት ነው።

የኔታ፦ ከጎረቤት አትለምንም?

በላይ፦ የጎረቤት ከበሮ በዚያ ክረምት አለቀ።

የኔታ፦ ከበሮ ደግሞ ያልቃል?

በላይ፦ ያኔ ያላለቀ ምን አለ፣ የኔታ።

የኔታ፦ ያንተስ? ነበረህ አይደል?

በላይ፦ [ሳል ይይዘዋል] ነበረኝ።

የኔታ፦ የት ሄደ?

በላይ፦ ...መነነ።

የኔታ፦ ከበሮ መነነ? ወይኔ ልጄን! ረሃቡ ከብትህን ብቻ የጨረሰ መስሎኝ፣ አንጎልህንም ወስዶታል። ሂድና የገበሬ ማኅበሩን ሬዲዮ ተዋስ።

በላይ፦ ሬዲዮው ከሰልፍ ሌላ አያውቅም። ሙሽራዋን ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ እያስባልኩ ላውጣት?

የኔታ፦ የደብሩን መሬት ወሰዳችሁ፤ ከበሮው ቀርቷችሁ ነበር።

በላይ፦ መሬቱን መንግሥት ነው የሰጠኝ፤ መልስ ያለኝ የለም። ከበሮውን ግን እመልሳለሁ።

የኔታ፦ ስማ፤ አለማወቅህ ነው። የኛ ዜማ ሦስት ነው፤ ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ። የናንተ ስንት ነው?

በላይ፦ [በጣቱ ይቆጥራል] የኛም ሦስት ነው። ሙሽራ ሲመጣ፣ ሙሽራ ሲበላ፣ ሙሽራ ሲሄድ።

የኔታ፦ ምን ከሚሉት ጋር ነው የምከራከረው!

በላይ፦ ዜማ አልወድም እኮ አላልኩም። ደስ ይለኛል። ደስ ሲለኝ እንቅልፍ ይወስደኛል። ዘፈን ሲሆን ግን እግሬ ቀድሞኝ ይነሣል።

የኔታ፦ ዘፈን እግር ያስነሣል፤ ዜማ ግን ሙት ያስነሣል! እኔን ማን ያስነሣኝ መሰለህ? የዚያን ክረምት፣ በፍልሰታ፣ እዚህ ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ወድቄ አምስት ቀን ሆነኝ። ቄሰ ገበዝ አስፋው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የሽምብራ መረቅ በዋንጫ አመጡልኝ። ጠጣሁ፣ ተነሣሁ፣ ቆሜ በአራራይ አዜምኩ! ዜማ ነው ያተረፈኝ።

በላይ፦ መረቁስ?

የኔታ፦ መረቁ ጉሮሮ ማርጠቢያ ነው።

በላይ፦ ወፈር ያለ ነበር?

የኔታ፦ ከንፈር ከከንፈር ያጣብቅ ነበር። እንደዚያ ያለ ሽምብራ ከዚያ ወዲህ አልቀመስኩም።

በላይ፦ [መሬት መሬት እያየ] አይገኝማ።

የኔታ፦ ምን አልክ?

በላይ፦ ምንም። የኔታ፣ ለመሆኑ ከበሮ አንድ ቀን ሰርግ ቢውል ምን ይሆናል?

የኔታ፦ ድምፁ ይረክሳል! አርባ ዓመት ያስተማርኩበት ጆሮ ነው ይኸ፤ ከበሮን ሁለት ጊዜ ብመታው አውቀዋለሁ። እስቲ ስማ። [ይመታሉ። ድም... ድም...] ሰማህ? ወተት ነው! ከረሃቡ ወዲህ ትንሽ ከሳ እንጂ ድምፁ እንዲያውም ጠርቷል።

በላይ፦ ከሳ?

የኔታ፦ አዎ፣ አነስ አለ። ቄሰ ገበዝን ጠይቄአቸው «ዘንድሮ ያልከሳ ማን አለ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

በላይ፦ እኔም... ልንካው?

የኔታ፦ በጣት ብቻ።

[በላይ ከበሮውን ተቀብሎ ይመታል። ድም ድምድም፣ ድም ድምድም። የየኔታ ትከሻ ብቻውን ከፍ ዝቅ ይላል።]

በላይ፦ የኔታ፣ ትከሻዎ።

የኔታ፦ በርዶኝ ነው!

በላይ፦ ፀሐይ ላይ ነን እኮ።

የኔታ፦ የፀሐይ ብርድ ነው! አምጣው ወዲህ! አየህ፣ ጣትህ ስለነካው እንኳ ተበላሸ። ሰርግ የዋለ ከበሮ እዚህ ግቢ ባገኝ፣ በዚህ መቋሚያ ሆዱን በስቼ ለእሳት ነው የምሰጠው! [ከበሮውን መሬት አስቀምጠው መቋሚያቸውን ያነሣሉ]

በላይ፦ [ከበሮው ላይ ይደፋበታል] እንዳይበሱት! የቦራ ቆዳ ነው!

የኔታ፦ የምን ቦራ?

በላይ፦ በሬዬ... [አፉን በእጁ ይይዛል]

የኔታ፦ ተናገር!

በላይ፦ ምዬ ነበር የኔታ። ጨርቁን ገለጥ ያድርጉት። በትንሹ አፉ ጠርዝ ላይ ነጭ ጠጉር አለ። ጀብሪል ሲፍቀው የሳተው ነው።

[የኔታ ይገልጣሉ። ጠጉሩ አለ። በጣታቸው ይዳብሱታል።]

የኔታ፦ ይኸ... ያንተ ከበሮ...

በላይ፦ የመነነው። ቄሰ ገበዝ ናቸው መጥተው የወሰዱት፤ ጨርቁንም ያለበሱት እሳቸው ናቸው። «ክንፈ ከሰማ ይሞትብኛል፤ እንዳትናገር» ብለው አስማሉኝ።

የኔታ፦ ሁለት ዓመት ተኩል! ልደቱን! ጥምቀቱን! በሰርግ ከበሮ!

በላይ፦ [ሊያጽናናቸው ብሎ] በሰርግ ብቻ እንኳ አይደለም፤ ጀብሪልም ለመንዙማ ይዋሰኝ ነበር። ግን ብዙ ጊዜ አይደለም።

የኔታ፦ ዝም በል! የደብሩስ ከበሮ? የትኛው ሌባ ነው የወሰደው?

በላይ፦ አልተሰረቀም። ከግቢውም አልወጣ።

የኔታ፦ የታለ ታዲያ?

በላይ፦ [በአገጩ የየኔታን ሆድ ያመለክታል] ሽምብራ... ሽምብራ ያኔ ከየት ይመጣል፣ የኔታ?

[የኔታ ጎንበስ ብለው ሆዳቸውን ያያሉ።]

የኔታ፦ ...እንጨቱስ? እንጨት አይበላም! እንጨቱ የታለ?

በላይ፦ በምን የቀቀሉት ይመስልዎታል?

የኔታ፦ በፍልሰታ! በጾም! የቆዳ መረቅ! እሳቸውስ? እሳቸውም ጠጡ?

በላይ፦ ኧረ አልቀመሱም። «እኔ ጾም ላይ ነኝ» አሉ። በሳምንቱ... ቀበርናቸው።

[የኔታ ቀዩን ጨርቅ ከከበሮው ላይ ቀስ ብለው ያወልቃሉ። ከበሮውን ለበላይ ያስታቅፉታል።]

የኔታ፦ ውሰደው። ብዙዬን በደንብ ሸኛት።

በላይ፦ እግዜር ይስጥልኝ የኔታ። [ጥቂት ሄዶ ይመለሳል። ያፍራል።] ይቅርታ ያድርጉልኝና... እርስዎ ግን ነገ አይመጡማ።

የኔታ፦ ለምን አልመጣም?

በላይ፦ የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ሰርግ አይሄድም ብለዋል።

[የኔታ ሆዳቸውን በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርገው ጆሯቸውን ዘንበል ያደርጋሉ። ከዚያ ቀዩን ጨርቅ ትከሻቸው ላይ ጣል ያደርጉታል።]

የኔታ፦ ያንተ ከበሮ ጨርቅ ለብሶ ሁለት ዓመት ተኩል ማኅሌት ከቆመ፣ እኔ ጨርቅ ለብሼ አንድ ቀን ሰርግ ብቆም ማን ያውቅብኛል?

በላይ፦ ትከሻዎ ካልተናገረብዎ።