ጋሼ አንዲት ነገር ብቻ

የወላጆች ስብሰባ በተጠራበት ሁሉ አንድ እንደ ጋሼ ያለ ሰው አይጠፋም። ከጠፋ ስብሰባው አልተካሄደም ማለት ነው። መምህርቷ «እንግዲህ ሌላ ጥያቄ ከሌለ...» ስትል፣ እኛ ቦርሳችንን አንስተን፣ ልባችን የታክሲ ሰልፍ ላይ ደርሶ ሳለ፣ ከፊተኛው ረድፍ አንዲት ጣት ቀስ ብላ ወደ ላይ ትወጣለች።

«አንዲት ነገር ብቻ።»

የኛው ክቡርነታቸው ፍሪጅ ጠጋኝ ናቸው። ሴት ልጃቸው ሦስተኛ ክፍል ከልጄ አጠገብ ነው የምትቀመጠው። ስማቸውን አንድ ጊዜ ነግረውን ነበር መሰለኝ፣ ማንም አልያዘውም። ለሁላችንም ጋሼ አንዲት ነገር ናቸው። ያቺ አንዲት ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ነፍሰ ጡር ናት፤ ልጆቿን ሳትወልድ ወደ ቤት የሚሄድ የለም።

የደንብ ልብስ ሰማያዊ ይሁን ተባለ፣ ሁላችንም ተስማማን። «አንዲት ነገር ብቻ። ሰማያዊ ሲባል የትኛው ሰማያዊ ነው?» አሉና ከኪሳቸው ቁርጥራጭ ጨርቅ አውጥተው በየወንበሩ አዞሩልን። ልጆቹ ለጉብኝት ሲሄዱ አስተማሪ እየቆጠረ አውቶቡስ ያስገባቸዋል ተባለ። «ጥሩ። አስተማሪው መቁጠሩን የሚያረጋግጠው ማነው?» አጠገቤ የነበረ አንድ አባት በዚህ መሃል እንቅልፍ ወሰደው፤ ነቅቶ ሰዓቱን አየና ተመልሶ ተኛ።

ይሄን ሁሉ በትዕግሥት ችዬ ነበር። የመዝጊያው ቀን ጉዳይ እስኪመጣ ድረስ።

በመዝጊያው ቀን ልጆቹ በየተራ መድረክ ላይ ወጥተው ስለሚወዱት ነገር አንድ አንድ ደቂቃ ይናገራሉ ተባለ። አዳራሹን ሌላ ክፍል ስለሚፈልገው ነው ደቂቃው። ልጄ ደግሞ ሲናገር ይንተባተባል። ቃሉ ሆዱ ውስጥ ሙሉ ነው፣ በሩ ላይ ሲደርስ ግን ይያዝበታል። መምህርቷ ደግ ናት፣ ለብቻዬ ጠርታ «እንዳይጨነቅ፣ ከፈለገ መጋረጃውን ይያዝልን» አለችኝ። ማታ ነገርኩት።

«እማ፣ መጋረጃ በሚስማርም ይያዛል» አለኝ። «እኔ ስለ ጉንዳን ነው የማወራው።»

እናም እኔ ሽንኩርት ስከትፍ እሱ ማዕድ ቤት በርጩማ ላይ ቆሞ ስለ ጉንዳን ሲያወራ ሰነበተ። አንድም ቀን በአንድ ደቂቃ አልጨረሰም። እኔ ግን አልፈራሁም፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ደቂቃን ማን ይይዛል? እንደ ላስቲክ ይለጠጥ የለ?

በመጨረሻው ስብሰባ ያቺ ጣት ወጣች። «አንዲት ነገር ብቻ። አንድ ደቂቃ ተብሏል። ደቂቃውን የሚይዘው ማነው?»

መምህርቷ ደክሟታል። «ጋሼ፣ እርስዎ ይያዙልን» አለች።

«በምን ነው የማስቆማቸው?»

ቃጭል ተሰጣቸው። እኔ ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን ሙሉ እየረገምኳቸው ሄድኩ። «ምነው ምላሳቸውን በያዘልኝ!» ብያለሁ። ምላስ ሲያዝ ምን እንደሚመስል ስለማውቅ ግን ይሄኛውን እርግማን ቶሎ መልሼ ዋጥኩት።

በቀኑ ክራቫት አስረው መጡ። ከመድረኩ ሥር ትንሽ ጠረጴዛ ይዘው፣ የእጅ ሰዓታቸውን አውልቀው ከቃጭሉ አጠገብ አጋደሙት። ምሕረት የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። ርዕሰ መምህርቷ ገና «በዚህ ታላቅ ቀን...» እያሉ ሲያሞቁት፣ ቅጭል! «ሞልቷል፣ ክብርት ርዕሰ መምህርት።» ስለ ድመቷ የምታወራ ልጅ ድመቷን ልታስወልድ ስትል፣ ቅጭል! የገዛ ልጃቸው እንኳ «አባቴ ፍሪጅ ሲሠራ ደስ የሚለኝ...» ብላ ሳትጨርስ፣ ቅጭል! ምን ደስ እንደሚላት እስከ ዛሬ አናውቅም።

የኔ ልጅ ወጣ።

«ጉ...» አለ። «ጉ... ጉ...»

እኔ ዓይኔን ከቃጭሉ ላይ መንቀል አቃተኝ፤ የጋሼ እጅ እጀታው ላይ ነው። ጉንዳን በመጨረሻ ወጣ፤ ከራሱ የሚበልጥ መሸከሙም ተነገረ። ቀጥሎ «ን... ን...» ብሎ ንግሥቲቱ ላይ ቆመ። ደቂቃው እንዳለቀ ገባኝ፤ ማዕድ ቤት ሁልጊዜ የሚያልቀው እዚያች ንግሥት ላይ ነበር።

የጋሼ እጅ ከቃጭሉ ተነሳና ሰዓቱን አነሳ። ነቀነቁት። ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«አንዲት ነገር ብቻ» አሉ። «ሰዓቴ ቆማለች። እስክትነሳ ድረስ ደቂቃ የለም። ቀጥል አባቴ፣ አንተ ሥራህን ሥራ።»

ከደረት ኪሳቸው ትንሽ መፍቻ አወጡ፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው አወረዱ፣ የሰዓቷን ጀርባ ከፍተው ማየት ጀመሩ። የሚጠይቃቸው ሰው አልነበረም፤ ጠያቂው እሳቸው ነበሩ። ልጄ ንግሥቲቱን አወጣት። እንቁላሎቿንም አወጣ። ጎተራውንም፣ ጦርነቱንም ተናገረ። በመጨረሻ ቀና ብሎ «ጉንዳን ሳንባ የለውም። አመሰግናለሁ» አለ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ ያለ ሀፍረት አለቀስኩ። ጋሼ ሰዓታቸውን ገጠሙና «ተነሳች» አሉ፤ ቀጥላ የወጣችውን ልጅ በደቂቃዋ፣ ቅጭል!

ሲያልቅ በር ላይ ጠበቅኳቸው። ምን እንደምል ጠፍቶኝ «ጋሼ፣ ሰዓትዎ ደህና ሆነች?» አልኩ።

«ይቺ? ይቺ ከአባቴ የወረስኳት ናት፤ አንድ ቀን ቆማ አታውቅም» አሉ። ከዚያ ፊቴን አዩና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከዛሬ በቀር።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኳቸው። ከዚያ በላይ ቢኖረኝ እሱንም እል ነበር። ልጅ ብቻውን አያድግም ይባላል፤ የሌላ ሰው ልጅ ሲንተባተብ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ስላገኘሁ ፈጣሪን አመሰገንኩ። ቦርሳዬን አንስቼ፣ የልጄን እጅ ይዤ ዞርኩ። ታክሲው በሩን ከፍቶ እየጠራ ነው።

ከኋላችን ጣታቸው ወጣች።

«አንዲት ነገር ብቻ። ሳንባ ከሌለው በምን ይተነፍሳል?»

ልጄ እጄን ለቆ ተመለሰ። «ጎ... ጎ...» ብሎ ጀመረ፤ ጎኑ ላይ ስላሉት ቀዳዳዎች ሊነግራቸው ነው። ጋሼ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጎንበስ አሉለት።

ታክሲው ሄደ። እኔም ቦርሳዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።