ከዜሮ በታች ሦስት ሚሊሜትር በረዶ

የቤተሰቡ ጉባኤ በወሩ ሁለተኛ እሑድ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ በወላጆች ቤት ሳሎን፣ ግቢውን በሚያሳየው መስኮት አጠገብ ባለው የምግብ ጠረጴዛ ዙሪያ ተጀመረ። ጥሪው ለሁለት ሰዓት ነበር። ሩብ ሰዓቱ የባከነው ታላቅ ወንድም መኪናውን መንገድ ላይ የሚያቆምበት ቦታ ሲፈልግ ነው። ይህ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝለት ራሱ ጠይቋል፤ ተይዞለታል።

የተገኙ፦

1. አባት፣ ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ኃላፊ፣ የቤቱ ዝናብና በረዶ ለኪ (ጉዳዩ እርሳቸውን ስለሚመለከት ለዛሬ ከሰብሳቢነት የተነሡ)
2. እናት (ምስር እየለቀሙ)
3. ታላቅ ወንድም፣ የጥርስ ሐኪም፣ የዛሬ ሰብሳቢ
4. አማች፣ የጣሪያ ቆርቆሮ ነጋዴ፣ ለሥራ ከከተማ የወጣችውን ሚስቱን፣ ማለትም ታላቅ እህትን፣ ወክሎ
5. የመጨረሻ ልጅ፣ ጸሐፊ

ምልዓተ ጉባኤ፦ አባት ከመሥሪያ ቤት ባመጡት ልማድ ባረቀቁት የቤቱ ደንብ መሠረት፣ ከአምስቱ ሦስቱ በክፍሉ ውስጥ ካሉ ጉባኤው ሙሉ ነው። ቃለ ጉባኤው ሳይፈረም ቁጥሩ ከሦስት ከወረደ ግን የዕለቱ ውሳኔ ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠራል። መቁጠር የጸሐፊ ሥራ ነው። አምስት ተቆጠረ። ጸሐፊዋ ራሷን መቁጠሯን ሁለት ጊዜ አረጋግጣለች።

አጀንዳ አንድ፦ ሐሙስ ስለ ጣለው በረዶ

ሰብሳቢው ጉዳዩን ሲያስረዳ፣ አባት በግቢው መሐል እንጨት ላይ የቆመውን የዝናብ መለኪያ በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እያነበቡ ውጤቱን በማቀዝቀዣው በር ላይ በተሰቀለችው ትንሽ ሰሌዳ እንደሚጽፉ፣ ዓርብ ጠዋት ግን ሰሌዳዋ ላይ «በረዶ፣ ከዜሮ በታች ሦስት ሚሊሜትር» የሚል ጽሑፍ መገኘቱን ገለጸ። ከዜሮ በታች የወረደው ሙቀቱ ይሆን ተብለው ሲጠየቁም አባት፣ «ሙቀት አልለካሁም፤ የለካሁት በረዶ ነው» ማለታቸውን አስታወሰ።

አማቹ ይህ ማለት ሰማዩ ከእኛ ግቢ ሦስት ሚሊሜትር ወስዷል ማለት እንደሆነ ጠየቀ። ሰብሳቢው ቀልዱ እንዲቆም አሳሰበ። አማቹ እየቀለደ እንዳልሆነ፣ የተወሰደው ለማን እንደተሰጠ ማወቅ ብቻ እንደሚፈልግ አስረዳ።

አማቹ በማከልም፣ ሰሌዳዋ ላይ በየጊዜው «ነካ» የሚል ቃል እንደሚያይ፣ ዜሮ ለማለት ከሆነ ለምን ዜሮ እንደማይባል ጠየቀ። አባት ሲመልሱ፣ «ዜሮ ማለት ወጥቼ አየሁ፣ ምንም የለም ማለት ነው። ነካ ማለት ጥሏል፣ ግን ለመለኪያ አልበቃም ማለት ነው። ሁለቱን አንድ የሚያደርግ ሰው መዝገብ ቤት በር ላይ እንኳ አይቆምም» አሉ።

አማቹ፣ «ታዲያ አባባ፣ በዚህ ቤት የእኔ ሐሳብ ዜሮ ነው ነካ?» አለ።

እናት ከምስሩ ቀና ሳይሉ፣ «ገና ወጥተን አላየነውም» አሉ።

ሳቅ ሆነ። ሰብሳቢው ሳቁ በቃለ ጉባኤ እንዳይያዝ አዘዘ።

አባት አሠራራቸውን እንዲያስረዱ ተጠየቁ። በረዶ ሊጥል ሲል የመለኪያው ሰፊ አፍና የውስጡ ቀጭን ቱቦ ይወጣሉ፤ በረዶው ባዶው ትልቅ ቆርቆሮ ውስጥ ይከማቻል። ጠዋት ቆርቆሮው ወጥ ቤት ይገባል። በቀጭኑ ቱቦ ሃያ ሚሊሜትር ሙቅ ውሃ ተለክቶ ይጨመርበታል። በረዶው ሲሟሟ ሁሉም ተመልሶ በቱቦው ይለካል። ከተገኘው ላይ የተጨመረው ሃያ ይቀነሳል፤ የቀረው በረዶው ነው። «የጨመርኩትን መቀነስ ረስቼ አላውቅም» አሉ። ይህን ሁለት ጊዜ ተናግረዋል። የተመዘገበው አንዴ ነው።

ሰብሳቢው፣ «አባዬ፣ ማንም አልወቀስዎትም። ግን ሰው ይደክመዋል። ከዜሮ በታች በረዶ ሲያገኙ ቆም ብለው ማሰብ አልነበረብዎትም?» አለ።

አባት፣ «ቆሜ አስቤያለሁ። ያገኘሁትን ነው የጻፍኩት። ያላገኘሁትን ብጽፍ ደስ ይልህ ነበር?» አሉ።

ጸሐፊዋ በዚህ ጊዜ የአባት እጅ ከጠረጴዛው ልብስ ላይ የሌለ ፍርፋሪ ሲጠርግ አይታለች። ከአጀንዳው ጋር ግንኙነት የለውም።

ሰብሳቢው ከእንግዲህ የዝናቡን መጠን ስልኩ እንደሚነግረውና ሌላ ልኬት እንደማያስፈልግ ሐሳብ አቀረበ። አባት ሐሙስ ዕለት ስልኩ የት እንደነበረ ጠየቁ። ኪሱ ውስጥ እንደነበረ ተመለሰ። አባት፣ «ኪስህ ውስጥ ስንት ጣለ?» አሉ። ሐሳቡ ለጊዜው ተነሣ።

አማቹ ነገር ከሚካረር መሐል ላይ ብንገናኝስ፣ የሐሙሱ በረዶ ዜሮ ይሁን ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ሰብሳቢውና አማቹ ደገፉ። አባት ተቃወሙ። እናት እጃቸው ምስር ውስጥ ስለነበረ፣ ጸሐፊዋ ደግሞ ብዕር ይዛ ስለነበረ እጅ አላነሡም። ከረጅም ውይይት በኋላ የሐሙሱ በረዶ ዜሮ እንዲሆን በድምፅ ብልጫ ተወሰነ።

ለማስታወሻ ያህል፣ ሰብሳቢው ዛሬ ጠዋት ሲገባ ከጫማው ላይ ያራገፈው ይኸንኑ ዜሮ የሆነውን በረዶ ነው። ምንጣፉ እስካሁን እርጥብ ነው።

በዚህ ጊዜ እናት ምስሩን ገፋ አድርገው፣ «እኔ ነኝ የደፋሁት» አሉ።

ምኑን እንደደፉ ተጠየቁ። ዓርብ ጠዋት አባት መነጽራቸውን ሊያመጡ መኝታ ቤት ሲገቡ፣ ከሟሟው ውሃ ላይ በቱቦው ሃያ ለክተው ወደ ማጠቢያው እንደደፉ አስረዱ። «ሙቁ ውሃ የእኛ ነው፤ ከሰማይ አልወረደም። ሳይረሳው ቀድሜ ልቀንስለት ብዬ ነው።»

አባት ደግሞ ተመልሰው መጡ፤ እንደ ልማዳቸው ሃያ ቀነሱ። ጸሐፊዋ አሰላች። እናት ሲደፉ አሥራ ሰባት ቀርቶ ነበር። ከአሥራ ሰባት ላይ ሃያ ሲነሣ ከዜሮ በታች ሦስት ነው። በረዶው አሥራ ሰባት ነበር ማለት ነው። አንድ ሃያ፣ በሁለት ሰው፣ ሁለት ጊዜ ተቀንሷል።

አባት እናትን ለጥቂት ጊዜ ተመለከቱ። «ስንት ጊዜ ነው እንዲህ ያደረግሽው?»

«የመጀመሪያዬ ነው። በእኔ ቢሆን መቼ ታስቦኝ!» አሉ እናት፤ ቀጥሎም ወደ ሰብሳቢው ዞረው፣ «አንተ ነህ። በደወልክ ቁጥር አባዬ ይረሳል፣ አባዬ ይረሳል፣ ስትለኝ ከረምክ። እኔም ሞኝ፣ አመንኩህ።»

ሰብሳቢው ይህ የስልክ ንግግር ስለሆነ በጉባኤ ሊጠቀስ እንደማይገባ ተናገረ። የሐሙሱ በረዶም በድምፅ ዜሮ የተደረገ በመሆኑ፣ አሥራ ሰባት ነው የሚል ሰው ሌላ ቀን ማመልከት እንደሚችል ገልጾ ወደ ሁለተኛው አጀንዳ አለፈ።

አጀንዳ ሁለት፦ ስለ ግቢው ጣሪያ

ሰብሳቢው የራሱ ቤት ግቢ ስለሌለው መኪናው መንገድ ላይ በማደሩ መስታወቱ በየጠዋቱ በረዶ እንደሚለብስ፣ ወፎችም እንደማይራሩለት ከዘረዘረ በኋላ፣ መኪናው እንዲያድርበት የወላጆች ግቢ ከአጥር እስከ አጥር በቆርቆሮ እንዲሸፈን ሐሳብ አቀረበ። ቆርቆሮውን አማቹ ያቀርባል።

እናት፣ ቆርቆሮ ሻጭ ስለ ቆርቆሮ ድምፅ መስጠት ይችላል ወይ ብለው ጠየቁ። አማቹ ቅር መሰኘቱን ገልጾ፣ «ለቤተሰቡ የሚቆረቆር ሰው ቆርቆሮ ቢሸጥ ምን ነውር አለው?» አለ። ነውርነቱ ለውይይት አልቀረበም።

አባት መለኪያው ወዴት እንደሚሄድ ጠየቁ። ሰብሳቢው የትም እንደማይሄድ፣ እዚያው ቦታው ላይ፣ ከጣሪያው ሥር እንደሚቀመጥ መለሰ። ይህም ለመለኪያው ደኅንነት ሲባል፣ በዝናብና በበረዶ እንዳይበላሽ መሆኑን አክሎ አስረዳ።

አማቹ ነገሩ እንዲያውም ሥራ እንደሚያቀልል፣ ንባቡ በየቀኑ ዜሮ ስለሚሆን ጭቅጭቅ እንደማይኖር፣ «ያውም ጥርት ያለ ዜሮ፤ ነካ የለ፣ ምን የለ» በማለት አብራራ።

አባት ወደ ሰብሳቢው ዞረው፣ «አንተ በሽተኛህ አፉን ሳይከፍት ጥርሱን ታያለህ?» አሉ።

«አላይም።»

«ይኸም አፉ ወደ ሰማይ ካልተከፈተ አያይም።»

ሰብሳቢው መለኪያው የቤቱ ጣሪያ ላይ ሊሰቀልና በመሰላል ሊነበብ እንደሚችል አማራጭ አቀረበ። እናት፣ «በዚህ ዕድሜው? ሲወድቅ እሱንስ ማን ሊለካው ነው?» ብለው ተቃወሙ።

አባት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሦስት ሰዓት ላይ የሚጠብቀኝ እሱ ብቻ ነው» አሉ። ሰብሳቢው ይህ አስተያየት ነው ወይስ ተቃውሞ ብሎ ጠየቀ። አባት አስተያየት ነው አሉ። እንደ አስተያየት ተይዟል።

ድምፅ ተሰጠ። ድጋፍ ሁለት፣ ሰብሳቢውና አማቹ። ተቃውሞ ሁለት፣ አባትና እናት።

«ሚጢጢ፣ እጅሽ የታለ?» አለ ሰብሳቢው።

«ተዋት፣ ትጽፍበታለች» አሉ እናት።

«ሁለት እጅ አላት እኮ፣ እማዬ።»

ጸሐፊዋ ሁለት እጅ አላት። አንድ ክፍልም አላት፤ መስኮቱ ወደ ግቢው ነው፤ በየጠዋቱ ከአልጋዋ ሆና አባት ቱቦውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ሲያዩ ታያለች። ከስብሰባው በፊት በኮሪደሩ ላይ፣ ከጣሪያው ጋር አብሮ መግቢያው ለብቻው የሆነ ክፍል እንደሚሠራላት ሰብሳቢው በጆሮዋ ነግሯታል። ይህ በአጀንዳ አልተያዘም። እዚህ የተጻፈው በስህተት ነው።

ጸሐፊዋ ድምፀ ተአቅቦ አደረገች።

አባት አልተቆጡም። መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ዜሮ ነው ነካ?» ብለው ብቻ ጠየቋት። ጸሐፊዋ መልስ እንዳልሰጠች መዝግባለች።

ድምፁ እኩል ለእኩል በመሆኑ የሰብሳቢው ወገን አሸነፈ። ከረጅም ውይይት በኋላ ግቢው እንዲሸፈንና መለኪያው ከዝናብ እንዲጠበቅ ተወሰነ። ውይይቱ ረጅም አልነበረም። ዝምታው ነው የረዘመው፤ ነገር ግን ቃለ ጉባኤ ለዝምታ የሚሆን አጻጻፍ የለውም።

አጀንዳ ሦስት፦ ልዩ ልዩ

የመስኮቱ መስታወት ላይ ጠብታ ታየ። አንድ፣ ከዚያ ሦስት አራት። የግድግዳው ሰዓት ሦስት ሊሞላ ነበር።

አባት ተነሡ። ሰብሳቢው ቃለ ጉባኤው እስኪፈረም ለሁለት ደቂቃ እንዲቀመጡ ጠየቃቸው። አባት፣ «ዝናብ ፊርማ አይጠብቅም» ብለው ካፖርታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወጡ። እናት፣ «ባዶ ራሱን!» እያሉ ጃንጥላ ይዘው ተከተሏቸው።

በመስኮቱ እንደታየው፣ አባት መለኪያው ላይ ጎንበስ ሲሉ እናት ጃንጥላውን ዘረጉላቸው። የአባት ድምፅ እስከ ሳሎን ተሰማ፦ «አርቂው! ጋረድሽው እኮ!» እናት ጃንጥላውን አጠፉ። ሁለቱም ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው፣ እየዘነበባቸው፣ ቱቦው ውስጥ ማየት ጀመሩ።

አማቹ በዚያው መስኮት ግቢውን በዓይኑ እየለካ፣ «ሃያ አራት ቆርቆሮ ይበቃዋል» አለ።

ሰብሳቢው በክፍሉ ውስጥ ሦስት ሰው እንዳለ፣ ሦስት እንደሚበቃ ገልጾ ፈረመ። አማቹም ፈረመ። ወረቀቱ ወደ ጸሐፊዋ ተገፋ።

ጸሐፊዋ ቆጠረች። ሦስት። ሦስተኛዋ እሷ ናት። ይህንንም ሁለት ጊዜ አረጋገጠች።

ከዚያ ወረቀቱንና ብዕሩን ይዛ ተነሣች።

«ወዴት ነው?»

«ልቆጥር ነው» አለች።

በሩ ደፍ ላይ ሆና ዞር ብላ ቆጠረች። በክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰው ቀርቷል። ሰብሳቢው፣ «ሚጢጢ! ተመለሺ፣ ዝናብ ይመታሻል!» ብሏል። ተመዝግቧል። ከዚህ በታች ያለው የተጻፈው ግቢ ውስጥ ስለሆነ ቀለሙ ፈስሷል፤ ለዚህም አንባቢ ይቅርታ ይጠየቃል።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ቃለ ጉባኤው በሙሉ ሳይፈረም ምልዓቱ ስለጎደለ፣ በደንቡ መሠረት የሐሙሱ በረዶ ዜሮ መሆኑ፣ ግቢው መሸፈኑ፣ መለኪያው ከዝናብ መጠበቁ፣ እንዲሁም የጸሐፊዋ ድምፀ ተአቅቦ፣ ሁሉም እንዳልተወሰነ ይቆጠራል። ጉባኤው ሦስት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ላይ፣ ሁለቱ ተቀምጠው ሦስቱ ቆመው፣ ተበትኗል።

ካፊያው ወዲያው አቆመ። አባት ቱቦውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩ፤ ለእናት አሳዩ፤ ከዚያም ለጸሐፊዋ አቀበሏትና አንብቢ አሏት።

የዕለቱ ልኬት፣ ማንም ሳይደፋው፣ ማንም ሳይቀንሰው፦ ነካ።