ቁም ሣጥን ውስጥ የተቆለፈው ታብሌት

[ከምሳ በኋላ ነው። ተቆጣጣሪው ሳሎን ውስጥ ለቁም ሣጥኑ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ውኃ ፋብሪካ ውስጥ ጠርሙስ ይፈትሻል፤ ክዳኑ የላላ ጠርሙስ በፊቱ አልፎ አያውቅም፣ ቤቱም ውስጥ ከዓይኑ የሚያመልጥ ነገር ያለ አይመስለውም። የቁም ሣጥኑ በር ማጠፊያ ስለተነቀለ አናጢውን፣ የሚስቱን ወንድም፣ ጠርቶታል። ጠርቶ ሲያበቃ ግን ወደ በሩ አላስጠጋውም።]

አናጢው፦ ቁልፉን ስጠኛ።

ተቆጣጣሪው፦ ቁልፉ ከአንገቴ አይወርድም።

አናጢው፦ በሩ እኮ በማጠፊያው በኩል ተከፍቷል። እጄ እስከ ክርኔ ይገባል።

ተቆጣጣሪው፦ በማጠፊያው በኩል ይከፈት። በቁልፉ በኩል ተቆልፏል።

አናጢው፦ የተቆለፈው ለማን ነው?

ተቆጣጣሪው፦ ለልጆቹ። ውስጡ ታብሌቱ አለ። በቀን ሠላሳ ደቂቃ እሰጣቸዋለሁ፣ ከዚያ ተመልሶ ይቆለፋል። የቀረውን ጊዜ በፈጠራ ጨዋታ ያሳልፋሉ። ዛሬ ስምንተኛ ቀናችን ነው።

አናጢው፦ ቀናችን? አንተም ትጫወታለህ እንዴ?

ተቆጣጣሪው፦ እኔ እቆጣጠራለሁ።

[ከዕቃ ቤቱ የሁለቱ ሴት ልጆቹ ሳቅ ይሰማል። በሳቁ መሀል ዳክዬ ትጮኻለች፣ ሙዚቃ ይከተላል።]

ተቆጣጣሪው፦ ስማ፣ ይኼን ነው የምልህ። ከሳምንት በፊት እነዚህ ልጆች በአፋቸው የዳክዬ ድምፅ ማውጣት አይችሉም ነበር።

አናጢው፦ ሙዚቃም አለው።

ተቆጣጣሪው፦ ትልቋ ናት። ድስትና ማንኪያ ይዛ ይሆናል።

አናጢው፦ አሁን ደግሞ አንድ ጎልማሳ ስለ ሳሙና ያወራል።

ተቆጣጣሪው፦ [ዓይኑን ጨፍኖ እያዳመጠ] ማስታወቂያ ፈጠሩ። ልጅ ለራሱ ሲተው ምናቡ እንዲህ ይከፈታል።

አናጢው፦ ትንሿ አምስት ዓመቷ አይደል?

ተቆጣጣሪው፦ አምስት ተኩል።

አናጢው፦ ድምጿ ጢም አውጥቷል።

ተቆጣጣሪው፦ ነገ በልጆቹ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ ልምዴን አካፍላለሁ። ስድሳ ወላጅ ይመጣል። እርግጥ ልናገር ወይ ብዬ የጠየቅኳቸው እኔ ነኝ፤ እነሱም እሺ ብለዋል።

አናጢው፦ ለመሆኑ አልከበዳቸውም?

ተቆጣጣሪው፦ መጀመሪያ ከብዷቸዋል። ትንሿ መሬት ላይ ተንከባላ አልቅሳለች።

አናጢው፦ እኔ ጋ ግን ቀለለ ብለው ነው የመለሱብኝ።

ተቆጣጣሪው፦ አየህ፣ ለመዱት ማለት ነው።

አናጢው፦ ትልቋ፣ «አጎቴ፣ ይኼ በጣም ይቀላል፣ አባዬ ይነቃል» አለችኝ።

ተቆጣጣሪው፦ ንቁ ሰው መሆኔን ታውቃለች።

አናጢው፦ እኔም መሀሉ ላይ ብረት ጨመርኩበት።

ተቆጣጣሪው፦ ጠበቅ ማድረግህ ደግ ነው። አጎት ሁልጊዜ ማላላት የለበትም።

አናጢው፦ እርጥብም ስለነበር ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አዋልኩት።

ተቆጣጣሪው፦ ልጅ ፀሐይ ማግኘት አለበት።

አናጢው፦ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት።

ተቆጣጣሪው፦ ልጁን?

አናጢው፦ ኧረ ዳር ዳሩን።

[ተቆጣጣሪው ነገሩ ባይገባውም፣ ያልገባው ነገር እንዳለ ማሳየት ስለማይወድ ራሱን ነቀነቀ።]

ተቆጣጣሪው፦ ብቻ ከአራተኛው ቀን ወዲህ ጭቅጭቅ የለም። «አምስት ደቂቃ ጨምርልን» የለም። ሰዓቱ ሳይሞላ ራሳቸው አምጥተው ያስረክቡኛል። ትናንትማ ወስደው ወዲያው መለሱት። «ጠገብን» አሉኝ።

አናጢው፦ ስትረከብ ከፍተህ ታየዋለህ?

ተቆጣጣሪው፦ እኔ? አንድም ቀን። ሽፋኑን ሳልገልጥ እቀበላለሁ፣ ሳልገልጥ አስቀምጣለሁ። አባት ስክሪን ላይ ካፈጠጠ ምኑን አርአያ ሆነ?

አናጢው፦ እንግዲህ ማጠፊያውን የምመታው ውስጡ ባዶ ሲሆን ነው። አውጣልኝ።

[ተቆጣጣሪው ቁልፉን ከአንገቱ ሳያወልቅ ጎንበስ ብሎ ከፈተ። ታብሌቱን ከነቆዳ ሽፋኑ፣ ሕፃን እንደሚያቅፍ በሁለት እጁ ይዞ አወጣና ሰጠው። አናጢው ሽፋኑን ገልጦ በአውራ ጣቱ ዳር ዳሩን ዳሰሰ።]

አናጢው፦ ቫርኒሹ ሳይሰነጠቅ ይዟል።

ተቆጣጣሪው፦ የምን ቫርኒሽ?

አናጢው፦ ሁለቴ ነው የቀባሁት። የበር ትራፊ አይመስልም።

[ተቆጣጣሪው ነጥቆ አየው። ጥቁር ነው፣ ያብለጨልጫል፣ ፊቱን ያሳያል። ማብሪያው ቦታ ላይ አንዲት ትንሽ ምስማር አለች። ተጫናት። አልበራም። በጣቱ መታ መታ አደረገው። እንደ በር ጮኸ። ዕቃ ቤት ውስጥ ዳክዬዋ ደገመች።]

ተቆጣጣሪው፦ ይኼ እንጨት ነው።

አናጢው፦ አዎ።

ተቆጣጣሪው፦ አምስት ቀን ሙሉ የቆለፍኩት እንጨት ነው።

አናጢው፦ በቀን ሠላሳ ደቂቃ እየፈቀድክላቸው።

ተቆጣጣሪው፦ ለምን ሠራህላቸው?

አናጢው፦ ራስህ አይደለህ የላክሃቸው? «አባዬ አጎታችሁ ጋ ሂዱና በእንጨት አንድ ነገር ፍጠሩ ብሎናል» ብለው መጡ። ትልቋ ርዝመቱን በክር ለክታ፣ ውፍረቱን ሳሙና ላይ አትማ ነው የመጣችው። ካሜራዋን በጥፍር ቀለም ያደረገቻት ትንሿ ናት። ሃያ ዓመት በእንጨት ሥራ እንዲህ ልቅም አድርጎ የሚያዝ ደንበኛ አልገጠመኝም።

[ተቆጣጣሪው በንዴት ወደ ዕቃ ቤቱ ሄዶ የበሩን እጀታ ያዘ። ጆሮው ጋለ። ሌላው እጁ ላይ ያለውን እንጨት አገላብጦ አየ። የጥፍር ቀለሟ ጠብታ ምስር ታክላለች፤ ከመስመር አልወጣችም። ያቺ ሾርባ እንኳ ሳታፈስስ የማትጠጣ ልጅ ትንፋሿን ውጣ ስታንጠባጥባት ታየው። እጀታውን ለቀቀና ተመለሰ።]

ተቆጣጣሪው፦ ነገ ስድሳ ወላጅ ፊት ምን ልበል?

አናጢው፦ ያየኸውን።

ተቆጣጣሪው፦ ምንም አላየሁም።

አናጢው፦ እሱንም ንገራቸው። ብዙዎቹ ቤታቸው ሄደው ሽፋን ይገልጣሉ።

[ተቆጣጣሪው ወንበር ላይ ተቀመጠ። እንጨቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በሸሚዙ እጅጌ ወለወለው።]

ተቆጣጣሪው፦ ዋናውን ታብሌት አሁን ገብቼ እቀበላቸዋለሁ። ይኼን ግን ነገ ይዤው እሄዳለሁ። ልጆቼ የሠሩት ነው እላለሁ።

አናጢው፦ ደግ ነው።

ተቆጣጣሪው፦ ያንተን ነገር ግን አልናገርም፣ አይዞህ። አጎት ነህ፣ አላዋርድህም።

አናጢው፦ እኔ ምን ሆንኩ?

ተቆጣጣሪው፦ የስምንት ዓመት ልጅ አይደለች እንዴ ያሞኘችህ? እኔስ እሺ፣ ሥራ የሚበዛብኝ ሰው ነኝ፣ ተታለልኩ። አንተ ግን በገዛ እጅህ እየሠራኸው እንዴት አትነቃም?

አናጢው፦ [የማጠፊያውን ምስማር በከንፈሩ ይዞ] እኔማ እንጨት መሆኑን አውቅ ነበር።