የአዴ ጫልቱ መስኮት

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በኮሮና ጊዜ መንገዱን ሁሉ ማስክ አድርጋችሁ መጥታችሁ፣ ልክ ሰው ልታናግሩ ስትሉ ወደ አገጫችሁ ዝቅ ያደረጋችሁት ለምን ነበር? «እኔ አላደረግኩም» የሚል ካለ አልከራከረውም። አምቦ አልነበረም ማለት ነው።

ሥራዬ ዜና መሥራት ነው። «ሕዝቡ ተማሯል» የሚል ሰው ሲመጣልኝ «የትኛው ሕዝብ? የት? በምን?» እያልኩ የማደርቅ ሰው ነኝ። ባለቤቴ «አንተ ቤት ቢቃጠል እንኳ መጀመሪያ መነሻውን ታጣራለህ» ትለኛለች። ትክክል ናት። መነሻው ካልታወቀ ውሃው የት ይደፋል?

ያን ሰሞን ግን ምሬቱን ማጣራት አላስፈለገኝም። ሚኒባሶቹ መናኸሪያ ውስጥ በግማሽ ወንበር ይጭናሉ። ከከተማ ወጣ ብለው ሌላውን ግማሽ ይጨምራሉ። ኬላ ሲደርሱ ትርፉ ሰው ይወርድና በእግሩ ኬላውን አልፎ ማዶ ይሳፈራል። ታሪፉ ግን ጨምሮ እንደ ጨመረ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቧንቧ የተገጠመለት የእጅ መታጠቢያ በርሜል አለ፤ ውሃ የለውም። ከመሬት ሥር ውሃ እየፈላ በሚወጣባት ከተማ መታጠቢያ ውሃ ጠፋ ብሎ ለሌላ አገር ሰው ማስረዳት እንዴት እንደሚከብድ አስቡት።

እኔን የያዘኝ ግን የማስኩ ነገር ነው። መልሱን ያገኘሁት አዴ ጫልቱ መስኮት ላይ ነው።

አዴ ጫልቱ ጎረቤቴ ናት። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምስክር ወረቀት በሚሰጥ መሥሪያ ቤት ትሠራለች። አምቦ ውስጥ የተወለደም፣ ያገባም፣ የሞተም ዞሮ ዞሮ እሷ ጋ ይደርሳል። አስም አለባት። መሳቢያዋ ውስጥ ከማህተሙ አጠገብ ወደ አፍ የሚነፋ መድኃኒት ታስቀምጣለች።

መስኮቱን ማወቅ አለባችሁ። ከእንጨት ግድግዳ ላይ የተቆረጠ፣ ዝቅ ያለ ቀዳዳ ነው። ለምን ዝቅ እንዳለ አላውቅም፤ የቢሮ መስኮት የሠራ ሰው ሁሉ ባለጉዳይ እጅ እየነሳ እንዲገባ ፈልጎ ይመስለኛል። ጎንበስ ብላችሁ ፊታችሁን ታስገባላችሁ። ትንፋሻችሁ ቀጥታ አዴ ጫልቱ ፊት ላይ ነው። ሰው ደግሞ ተራርቆ አይመጣም፤ ማተሚያው የሚሠራው መብራት ሲኖር ነው። መብራት መጣ ሲባል ከተማው ሁሉ ባንዴ ይነሳል። ሰልፉ ውስጥ የቆመች አንዲት ነጋዴ «ተራራቁ ይሉናል፣ መብራቱን አጥፍተው ደግሞ በአንድ ሰዓት ይሰበስቡናል» ስትል ጻፍኩት። አዘጋጁ አወጣው፤ ከጋዜጣው ማለቴ ነው።

የልጄን የልደት ምስክር ወረቀት ላወጣ ሄጄ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩና ማየት ጀመርኩ። ዘበኛው ኦቦ ቶሎሳ ማስክ ያላደረገ ሰው ከበር አያስገቡም። ስለዚህ ሰልፉ በሙሉ ማስክ አድርጓል። አንድ ሰው ተራው ደርሶ መስኮቱ ጋ ይቀርባል። ጎንበስ ይላል። ማስኩን ወደ አገጩ ያወርዳል። «አከም ጅርታ አዴ ጫልቱ? ነጋያ? እጆሌን ፈያ?» ሰላምታው ልጆቹን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ሁሉ አዳርሶ ሲያልቅ ወደ ጉዳዩ ይገባል። ጉዳዩ ሲያልቅ ማስኩን መልሶ ከፍ ያደርግና ማንም የማያናግረውን ኮሪዶር በጥንቃቄ አቋርጦ ይወጣል።

ይሄ ነገር ግራ አጋባኝ። ከወንጪ የመጡ አንድ ገበሬ ሲጨርሱ ጠጋ ብዬ «ኦቦ፣ ማስኩን ለምን አወረዱት?» አልኳቸው። እናቱ ያላሳደገችውን ሰው እንደሚያዩ አዩኝ። «አፌን ሸፍኜ ላናግራት? ሌባ ነኝ እንዴ?»

ቀጥሎ አንድ አስተማሪ ጠየቅኩ። ስሙ በትክክል እንዲሰማት ብሎ ነው አለኝ። ስሙ እጁ ላይ ባለው ወረቀት ተጽፎ ነበር።

ገባኝ። ባርኔጣ ነው! ሰዉ ማስኩን እንደ ባርኔጣ ነው የያዘው። ለማያከብረው ያደርገዋል፤ ለሚያከብረው ያወልቀዋል። አዴ ጫልቱን ደግሞ የማያከብር የለም። ጉድ እኮ ነው፤ ሴትየዋን አደጋ ላይ የጣላት መከበሯ ነው። ግኝቴ ደስ አሰኝቶኝ ተራዬ ሲደርስ መስኮቱ ጋ ቀረብኩ። እጄ ማስኩን ልታወርድ አገጬ ላይ ደርሳ ያዝኳት።

አዴ ጫልቱ ኃላፊዋ ዘንድ ሄዳ አንድ መስታወት እንዲገጠምላት ጠየቀች። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም። ጥያቄሽ ተገቢ ነው፣ ለኮሮና ግብረ ኃይሉ ይቀርባል አላት። ግብረ ኃይሉ መጣ። ክፍሏ መጨናነቅ አለመጨናነቁን ለማየት ሁሉም ባንዴ ገቡ። አቧራ እንዳይገባ በሩን ዘጉ። ከዚያ እያንዳንዳቸው ማስካቸውን ዝቅ እያደረጉ በአክብሮት ሰላም አሏት። ሰብሳቢው «እዚህ ክፍል መጨናነቅ አለ ወይ?» ብለው ጠየቁ።

«አሁን ነው ያለው» አለች።

ግብረ ኃይሉ ሦስት ነገር ወሰነ። ወለሉ ላይ ቢጫ ፕላስተር ይለጠፍ፤ ተለጠፈ፣ ሰዉም ረገጠው። ስለ መራራቅ ስልጠና ይሰጥ፤ ተሰጠ፣ አዳራሹ ስላልበቃ የቆሙም ነበሩ። መስታወቱ እስኪጸድቅ ላስቲክ ይንጠልጠል። ላስቲኩ ተንጠለጠለ። ባለጉዳይ ሁሉ እንደ መጋረጃ ገለጥ እያደረገ ጭንቅላቱን ከውስጥ አስገባ። «ድሮ በመስኮት ነበር የምንገናኘው፤ አሁን አንድ ድንኳን ገባን» አለችኝ አዴ ጫልቱ።

በዚህ መሀል የጎን ክፍሉ ባልደረባዋ ታሞ ተኛ። ኮሮና ይሁን ሌላ ማንም አልነገራትም፤ ክፍሉ ተቆለፈ፣ በቃ። እሷ ማታ ማታ ትንፋሽ ሲያጥራት ግድግዳችን አንድ ስለሆነ ይሰማናል። ባለቤቴ ልታዳምጣት ሬዲዮውን ትቀንሳለች። ኃላፊው እንደገና ሲጠየቅ «ያለ ደመወዝ ፈቃድ መውሰድ ትችያለሽ» አላት።

«እኔ ፈቃድ አይደለም የጠየቅኩት» አለች፤ «ትንፋሽ ነው።»

ሰኞ ጠዋት ስትወጣ በነጠላ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዛ ነበር። ወሬ ያበላኛልና ተከተልኳት።

ሲንቄዋን ነበር የያዘችው። ሲንቄ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። መምቻ አይደለችም። አንዲት ሴት ስትበደል ሲንቄዋን ይዛ ትወጣለች፤ ሌሎቹም የየራሳቸውን ይዘው ይከተሏታል። ያኔ ከፊቷ የሚቆም ወንድ የለም። በሁለት ሰው መሀል ከተጋደመች ደግሞ የሚሻገራት የለም፤ ጠብ እንኳ እዚያው ይቆማል።

አዴ ጫልቱ ከመስኮቷ ፊት፣ ራቅ አድርጋ፣ ሁለት ወንበር አስቀመጠችና ሲንቄዋን በላያቸው አጋደመቻት። ገብታ ተቀመጠች። መብራት መጣ። ሰዉ እንደ ልማዱ ግር ብሎ ገባ። ገባና ቀጥ አለ።

ቢጫ ፕላስተር የረገጠው ሰው ነው እኮ! አንድ ከሩቅ የመጣ ወጣት ብቻ ነገሩ ሳይገባው እግሩን ሲያነሳ፣ ኋላው ያሉት ሴትዮ በጃኬቱ ኮሌታ ያዙት። «እናት የለህም?» አሉት። እናት አለችው መሰለኝ፤ እግሩን መለሰ። ወረቀቱን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ወደ ኋላ የሚል ባለጉዳይ አምቦ ውስጥ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

ሁሉም ተስተካከለ ብዬ አልዋሻችሁም። ከሩቅ ሲሆን ደግሞ ሰው ማስኩን አውርዶ ይጮሃል። ሚስጥር የሚባል ነገር ጠፋ። ጋብቻ ሊያስመዘግብ የመጣን አንድ ሰውዬ «ከዚህ በፊት አግብተው ያውቃሉ?» ብትለው፣ ሙሽሪት አጠገቡ ቆማ «ቀረብ ብዬ ብመልስ አይሻልም?» አለ። ሰልፉ በሙሉ «አይቻልም!» ብሎ መለሰለት።

አንድ የጤና ባለሙያ ጠየቅኩ። በትር በሽታ እንደሚከላከል ምንም ማስረጃ የለም አለኝ። ላስቲኩስ ስለው «እሱ በመመሪያ ነው» አለ። አዴ ጫልቱን በሽታው ሳይዛት ቀረ ወይስ ሳታውቀው ይዟት ለቀቃት? የመረመራት ስለሌለ አላውቅም። ያላወቅኩትን አልጽፍም። ማታ ማታ ግን ባለቤቴ ሬዲዮውን መቀነስ ተወች። ይሄን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ግብረ ኃይሉ ተመልሶ መጣ። ከሲንቄዋ ወዲህ ቆመው አዩና፣ በተሠራው ሰፊ የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥራ ርቀት መጠበቁን በሪፖርት አረጋገጡ። እኔ «በትሯስ?» ብል ሰብሳቢው «ግብዓት ናት» አሉ።

ግብዓት የተባለ ነገር ምን ይሆናል? የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ንብረት ቆጣሪዎች ቀለምና ብሩሽ ይዘው ይዞራሉ። አዴ ጫልቱ የዓመት ፈቃድ ላይ ነበረች። ለሁለቱ ወንበሮች ቁጥር ሰጡ። መሀላቸው ላለችውም ሰጡ። ስትመለስ የእናቷ ሲንቄ ወገብ ላይ በቀይ ቀለም የመንግሥት ቁጥር ተጽፏል። በሳሙና አሸችው፤ በቅቤ አሸችው። ቀለሙ ጥሩ ቀለም ነበር። መሥሪያ ቤቱ በዚያ ዘመን ካቀረበው ዕቃ ሁሉ ጥራት ያየሁበት እሱ ላይ ብቻ ነው።

ኮሮናው በረደ። ማስኩም ቀረ። ሲንቄዋ ሰልፍ ለማስያዝ ጠቀመች ተብላ እዚያው ቆየች፤ አዴ ጫልቱም ለባለጉዳይ ስትል ታገሰች። ኋላ ግን ወደ ሸነን ከተማ ተዛወረች። የሚዛወር ሠራተኛ ደግሞ በእጁ ያለውን ንብረት መልሶ ክሊራንስ መውሰድ አለበት። ያን ቀን ለሌላ ጉዳይ እዚያው ነበርኩ።

የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ «በትሯ ትቀራለች» አላት።

«እናቴ ናት የሰጠችኝ። በሠርጌ ቀን።»

«ለሱ ማስረጃ አለሽ?»

አዴ ጫልቱ ለከተማው ሠርግ ሁሉ ማስረጃ ስትሰጥ የኖረች ሴት ናት። «የኔን ሠርግ አንተ ልትጠይቀኝ?» አለች።

ኃላፊው ከቢሮው ወጣ። እንዳልኳችሁ ክፉ ሰው አይደለም። ደብዳቤ ጻፊ፣ ይታይልሻል አላት። ሊያጽናናት ብሎም «በነገራችን ላይ መስታወትሽ እኮ ጸድቋል» ሲል ጨመረ።

እሱን ባይላት ምናልባት ትጽፍ ነበር። ዞር አለችና ከወንበሮቹ ላይ ሲንቄዋን አነሳች። አላጋደመቻትም፤ በእጇ ቀጥ አድርጋ ያዘቻት። የተበደለች ሴት እንደምትይዘው ማለት ነው። ንብረት ክፍሉ ሊከለክል በሩ ላይ ቆመ፤ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ የሚያነበው ነገር አገኘ። «ኮሮናን በጋራ እንከላከል» የሚል የቆየ ማስታወቂያ ነበር። ሰልፉ ውስጥ የነበሩ ሴቶች ሲንቄም ባይዙ ከኋላዋ ተነሱ።

የቀረው የግቢው በር ነው። እዚያ ኦቦ ቶሎሳ አሉ። ኦቦ ቶሎሳ ደግሞ ቁጥር ያለው ዕቃ ያለ መውጫ ወረቀት አያሳልፉም፤ አንዴ ራሱን ኃላፊውን በካልኩሌተር መልሰውታል። አዴ ጫልቱ ፊታቸው ደርሳ ቆመች።

«ኦቦ ቶሎሳ፣ መውጫ ወረቀት የለኝም» አለች።

ሽማግሌው ቀዩን ቁጥር አዩት። እሷን አዩ። ቀኝ እጃቸው ቀስ እያለ ተነሳ። ሊያቆሟት ነው ብዬ ማስታወሻዬን አወጣሁ። እጃቸው ግን ወደ እሷ አልሄደም። ወደ ጆሯቸው ሄደ፣ በጉንጫቸው ወረደ፣ ከዓመታት በፊት ያወለቁትን፣ አሁን የሌለውን ማስክ ይዞ በክብር አገጫቸው ላይ ዝቅ አደረገው።

«ነጋን ገሊ፣ በሰላም ግቢ፣ አዴ ጫልቱ» አሉና በሩን ከፈቱ።