ቻይናን ያስካደኝ ዓሣ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ሰው የማያውቀውን ነገር ሲጠየቅ «አላውቅም» ማለት ለምን ይከብደዋል? አንዲት ቃል እኮ ናት! እኔ ይህችን አንዲት ቃል መተንፈስ አቅቶኝ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የሆሳዕና የቻይና ምግብ ዳኛ ሆኜ ኖሬአለሁ።

አትሳቁ። አዎ፣ ሆሳዕና የቻይና ምግብ ቤት አላት። አንድ ብቻ መሰላችሁ? ሁለት! ዱራሜ ደግሞ ሌላ አለ። መንገድ ሠሪዎቹ ቻይናዎች አስፋልታቸውን አንጥፈው ሲሄዱ፣ መጥበሻቸውንና ያሠለጠኗቸውን ወጥ ሠሪዎች ትተውልን ሄዱ። ቆጮና ክትፎ ሲበላ ያደገ ከተማ፣ ቅዳሜ ሲመጣ «ዛሬ ኑድልስ ያምረኛል» ማለት ጀመረ።

የእኔ ጉድ የጀመረው ግን ቻይና ነው። የብየዳ መምህር ነኝ። የምሠራበት ኮሌጅ ለሃያ አንድ ቀን ሥልጠና ላከኝ። በመጀመሪያው ቀን ምሳ ላይ አንድ የሚያብለጨልጭ ነገር ሳህኔ ላይ ተቀመጠ። አስተናጋጇን በምልክት «ምንድን ነው?» አልኳት። ስልኳ ላይ ጽፋ አስተረጎመችና አሳየችኝ። ስልኩ «መልካም ዕድል» ይላል። አሁን መልካም ዕድል ይበላል? ለእኔማ፣ ምን እንደሆነ ያላወቅከውን ነገር ከዋጥክ በኋላ የሚመኙልህ መሰለኝ። ሳህኑን ቀስ አድርጌ ገፋሁት። ከዚያ ወዲያ ሃያ አንዱንም ቀን በተቀቀለ እንቁላል፣ በሙዝና ባለቤቴ በቋጠረችልኝ በሶ ገፋሁ። የቻይና ምግብ የሚባል ነገር ምላሴን ሳይነካ አገሬ ገባሁ።

ስመለስ ሀንዲሶ ጠበቀኝ። ሀንዲሶ የፊዚክስ መምህር፣ የልብ ወዳጄ ነው። ልቡ ንጹሕ ነው፣ አፉ ግን መዝጊያ የለውም። «ምግባቸውስ እንዴት ነው?» አለኝ።

ምን ልበል? ያን ሁሉ ሰማይ አቋርጬ ሄጄ እንቁላል በላሁ ልበል? «አይ ምግባቸው!» አልኩና ራሴን ነቀነቅኩ። ልብ በሉልኝ፣ አልዋሸሁም። «አይ» ማለት ውሸት ነው? የቀረውን ሀንዲሶ ራሱ ሞላው። በሳምንቱ የቻይናን ምግብ ከሥር መሠረቱ የማውቅ ሰው ሆኜ ተገኘሁ። መናኸሪያው አካባቢ የመጀመሪያው የቻይና ምግብ ቤት ሲከፈት ደግሞ እጄን ይዞ ወሰደኝ።

የዳኝነት ሙያ እንዴት ቀላል መሰላችሁ! ትጎርሳላችሁ። ዓይናችሁን ትጨፍናላችሁ። በዝግታ ታኝኩና «እምም...» ትላላችሁ። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይውጣል። ከዚያ «ወደ ሰሜን ቻይና ያደላል» ትላላችሁ። ማን ይከራከራችኋል? ሰሜኑን ማን ያውቀዋል?

ዝናዬ ሆመቾ ደረሰ። ዱራሜ ጠሩኝ። እዚያማ ያቀረቡልኝን ሩዝ በጎመን ቀምሼ፣ «እውነተኛው የቻይና ጣዕም ማለት ይህ ነው!» ብዬ ተነሣሁ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብሎ፣ «መምህር፣ ይቅርታ፣ የእርስዎ ገና እየተሠራ ነው። ይህ የሠራተኞቹ ምሳ ነው፣ ተሳስተን ነው» አለኝ። ከዚህ ተማርክ እንዳትሉኝ! አልተማርኩም። «የሠራተኛ ምግብ ነው እኮ የአገር ጣዕም የሚይዘው» ብዬ አለፍኩት። ሰውየው ይህንን ትልቅ ጥበብ ነው ብሎ ለሰው ሁሉ አወራው።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእኔ አፍ ያመለጠው ታደለች ላይ ነው።

ታደለች የሀደሮ ልጅ ናት። ስድስት ዓመት በመንገድ ሠሪዎቹ ካምፕ ምግብ አብስላለች። ሆሳዕና መጥታ ሁለተኛውን ምግብ ቤት ስትከፍት፣ አንድ ሰው መንገድ ላይ አስቁሞኝ «እንዴት ነው ቤቷ?» አለኝ። ደጇን እንኳን አልረገጥኩም። ግን ዳኛ ሆኖ ዝም ማለት አለ? «እዚያ ሀደሮ ያደገች ልጅ የቻይና ምግብ? ተወኝ እባክህ!» አልኩና ሄድኩ። እኔ ረሳሁት። ከተማው አልረሳውም።

ሁለት ወር እንዳለፈ በሀንዲሶ በኩል መልእክት ላከችብኝ። «እሑድ ምሳ ላይ ይምጡልኝ፤ ሰውም ጠርቻለሁ» አለች።

ሄድኩ። ቤቱ ንጹሕ ነው። የተጠራው ሰው ሞልቷል፤ አስተማሪው፣ ነጋዴው፣ የቢሮው ሰው። ታደለች ሽርጧን እንደታጠቀች ወጣች። ቀጭን፣ ዓይነ ፈጣን ሴት ናት። «ኒ ሃው» አለችኝ፤ ሰላምታ ነው። እኔም ቀበል አድርጌ «ኒ ሃው!» አልኩ። ሰው አጨበጨበ። ኮራሁ።

ከዚያ ፊቴ ቆማ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ኒ ቺ ዩቶ ማ?» አለችኝ።

እናንተዬ፣ ላቤ ከየት መጣ? ቻይንኛ የማውቀው ሁለት ቃል ነው። አንዱን አሁን ጨርሻለሁ። ሀንዲሶ በኩራት አገጩን አንሥቶ መልሴን ይጠብቃል። የቀረችኝን ቃል አወጣሁ። «ሺዬ ሺዬ» አልኩና አንገቴን ሰበር አደረግኩ። አመሰግናለሁ ማለት ነው።

ታደለች በሽርጧ አፏን ከደነች። አለቀልኝ አልኩ። እሷ ግን ወደ ሰዉ ዞረችና፣ «መምህር መጀመሪያ ወጥ ቤትሽን ልይ አሉኝ» አለች። ሰው «ባለሙያ እንዲህ ነው!» ተባባለ።

ወጥ ቤት እንደገባን አንቱታው ደጅ ቀረ።

«የዓሣ ጭንቅላት ትበላለህ ወይ ነው ያልኩህ» አለችኝ።

«እኔስ ምን አልኩሽ?»

«አመሰግናለሁ አልከኝ። ስለዚህ ትበላታለህ።»

ግድግዳውን ተደገፍኩ። መዋሸት ታከተኝ መሰለኝ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። መልካም ዕድሉን፣ እንቁላሉን፣ በሶውን። ሳትስቅ ሰማችኝ። ይሄ ነው የባሰብኝ።

«ይኸውልህ» አለች፣ «ይህን ሙያ እጄን በዘይት እያቃጠልኩ ነው የተማርኩት። ስንት ሰው ደጄ ደርሶ ‹ያ መምህር አይሆንም ብሏል› ብሎ ሲመለስ በዓይኔ አየሁ። ምን አድርጌህ ነው?»

ምንም አላደረገችኝም። «ታዲያ ለምን አላጋለጥሽኝም? እዚያው ሰው ፊት?» አልኳት።

«ባጋልጥህ ሰው ስቆብህ ይሄዳል። ሳቅ ምሳ አያዝም።» ከዚያ ትልቁን መጥበሻ ብድግ አደረገች። «የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ቅመስና ያገኘኸውን ተናገር። ክፉ ከሆነ ክፉ በል። ብቻ ቀምሰህ!»

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ዓሣው ሙሉውን፣ ከነጭንቅላቱ መጣ። ጭንቅላቱን ወደ እኔ አዞረችው፤ ለክቡር እንግዳ እንዲህ ነው አለች። ላዩ ላይ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ከሥሩ ጥቁሩ የአኩሪ አተር ሶስ። የፈላ ዘይት አምጥታ አፈሰሰችበት። ችስስስ! ሽታው ከፊት ወንበር እስከ ኋላ ሰዉን አቁነጠነጠው። ከዓይኑ ሥር ጉንጩ ላይ ያለችውን ሥጋ በሹካ አሳየችኝ። «ከዚህ ጀምር» አለችኝ።

ጎረስኩ።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ዝንጅብሉ መጀመሪያ አፍንጫን ይነካል። ቃሪያው ይከተላል። ከዚያ ሥጋው ቅቤ ይመስል አፍ ውስጥ ይጠፋል፤ ይጠፋና ጣፋጭ ነገር ትቶ ይሄዳል። ዓይኔን መጨፈን ረሳሁ። «እምም» ማለትም ረሳሁ። ሁለተኛ ጎረስኩ፤ ሦስተኛ፤ ሹካውን ጣልኩና በእጄ ገባሁበት። ሃያ አንድ ቀን ከዚህ ነው የሸሸሁት? ይህ ሁሉ እዚያ ቀርቦልኝ እንቁላል ስልጥ ነበር? ልቤ ተቃጠለ፣ እጄ ግን አላቆመም። ቀና ስል ሳህኑ ላይ አጥንት ብቻ ቀርቷል። ሰው ሁሉ እኔን ያያል። ታደለች በሩ ላይ ቆማ ሽርጧን ትጠመዝዛለች።

ተነሣሁ። «ወገኖቼ፣ እውነቱን ልናገር» አልኩ። «እኔ ቻይና ሄጄ የቻይና ምግብ አልቀመስኩም። አንድ ጉርሻ እንኳን! ሁለት ዓመት ዋሽቻችኋለሁ። የቻይናን ምግብ ገና ዛሬ፣ እዚህ ቤት ቀመስኩ። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ በልቼ አላውቅም። ምግቧን ሳልቀምስ ይህችን ሴት በድያታለሁና ይቅር በሉኝ።»

ስድብ ጠበቅኩ። ሀንዲሶ ቀስ ብሎ ተነሣና፣ በመገረም እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«ሰማችሁ?» አለ። «ዓሣው ቻይናን አስካደው!»

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። «ኧረ እውነቴን ነው!» ብዬ ብጮህ ማን ይስማኝ። አንዱ «ይህን ከበላ በኋላ ያኛው ከምግብ አይቆጠርም ማለቱ እኮ ነው» ብሎ ተረጎመልኝ። ሌላው «ለእኔም ከነጭንቅላቱ!» አለ። ታደለች ወደ ወጥ ቤት ሮጠች። ዓሣው የበቃው ለግማሹ ሰው ብቻ ነበር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔ እውነት እያደር ደፈረሰ። ዛሬ እሷ ቤት ወንበር ለማግኘት መሰለፍ ያስፈልጋል። የምግቡ ስምም ተቀይሯል። ሰው ገብቶ ሳይቀመጥ «አንድ አስክድ!» ይላል።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ከሙዱላ የመጣ ሰው አጠገቤ ተቀመጠ። አያውቀኝም። «ይህን ዓሣ በልቶ ቻይና መሄዱን የካደ መምህር አለ አሉ፣ እውነት ነው?» አለኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩት። «ግን አልካድኩም ወንድሜ። ሄጃለሁ። ምግባቸውን ነው ያልበላሁት።»

ሰውየው ወደ ሳህኔ ጎንበስ ብሎ አየ። ከአጥንት በቀር ምንም የለበትም።

«አሃ፣ ዛሬም መካዱ ጀምሮሃል» አለኝና፣ ፊቱ በደስታ በርቶ ለራሱ አንድ አስክድ አዘዘ።